ከአያ እንድሪስ ቦርሳ የሸሸሁበት ሰኔ

አንድ ሰኔ ሙሉ ከአንድ ፖስታ ስሸሽ ከርሜ አውቃለሁ። ፖስታውን ይዘው የሚፈልጉኝ ሰው ዕድሜያቸው ስልሳን የተሻገረ፣ ግራ እግራቸውን ትንሽ ጎተት የሚያደርጉ ሽማግሌ ነበሩ። እኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ለቀበሌያችን የእግር ኳስ ቡድንም ሁለት ጊዜ ተሰልፌአለሁ። ይህን የምነግራችሁ ሩጫው እኩል እንዳልነበረ እንድታውቁት ነው። ያም ሆኖ በዚያ ወር እንቅልፍ ያጣሁት፣ የከሳሁት፣ ቀበቶዬ ላይ ሁለት አዲስ ቀዳዳ የበሳሁት እኔ ነኝ። ሽማግሌው ደህና ይበሉ፣ ደህና ይተኙ ነበር።

ጊዜው የደርግ ጊዜ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ጋራዥ የመለዋወጫ ዕቃ ክፍል ረዳት ነበርኩ። መካኒኮቹ ብሎን ሲሉኝ ብሎን፣ የፍሬን ሸራ ሲሉኝ የፍሬን ሸራ ከመደርደሪያ አውርጄ፣ አስፈርሜ መስጠት ነው ሥራዬ። ቤቴ ደሴ ስለሆነ ጧት በመሥሪያ ቤቱ ሰርቪስ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርጄ ማታ እመለሳለሁ። ደሴ ካፖርት ለብሼ ተሳፍሬ ኮምቦልቻ ስደርስ ሸሚዜን እከፍታለሁ። ከዚህ በቀር የሚያማርር ነገር አልነበረኝም።

ቅጥሬ ግን የአንድ ዓመት ውል ነበር፤ ከሐምሌ አንድ እስከ ሰኔ ሠላሳ። ስፈርም የመጨረሻዋን ቀን በዓይኔ አይቻታለሁ። ሐምሌ ላይ ሆኜ ሳያት በጣም ሩቅ ስለነበረች ብዙም አልፈራኋት።

ጥቅምት ላይ ዘሃራን አገባሁ። አባቷ ሼህ አሊ የቢስቲማ ሰው ናቸው፤ የተከበሩ፣ ቃላቸው የሚሰማ። የላክኋቸው ሽማግሌዎች ልጁ የመንግሥት ሠራተኛ ነው ብለው ነገሯቸው። ውሸት የለበትም። "እስከ ሰኔ ሠላሳ" የምትለዋን ብቻ ነው የዘለሏት፤ እኔም አላስታወስኳቸውም። ለዘሃራም ነገ እነግራታለሁ እያልኩ ኅዳር ገባ፣ ጥር ገባ፣ ግንቦት ገባ። ሰኔ ሊጠባ ሲል እሷ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች፣ እኔ ደግሞ የአንድ ወር ዕድሜ የቀረው ሠራተኛ።

ሥራ ማጣት በየትኛውም ዘመን ያስፈራል። በዚያ ዘመን ግን ሌላም ነገር ነበረበት። ከፒያሳ ወደ ቧንቧ ውሃ ስትሄዱ ድንገት መንገዱ ይዘጋና ወጣት የተባለ ሁሉ መታወቂያ አምጣ ይባላል። የመሥሪያ ቤት መታወቂያ ያለው ያልፋል። የሌለው መኪና ላይ ይወጣል፤ መኪናው የት እንደሚያራግፈው ሁሉም ያውቃል። እኔ ያችን መታወቂያ በደረት ኪሴ ይዤ ስሄድ ከልቤ ትርታ ይልቅ እሷን ነበር የምዳብሰው። የምትመለሰው ደግሞ ሰኔ ሠላሳ ነው።

እንግዲህ በዚህ ጭንቀት ላይ እያለሁ ነው ታደሰ የሚባለው መካኒክ ያማከረኝ። ታደሰ የሠራተኛ ማኅበሩ ጸሐፊ ለመሆን ሦስት ጊዜ ተወዳድሮ ሦስቱንም ጊዜ የተሸነፈ ሰው ነው። ሕግ ግን አውቃለሁ ባይ ነው። ከሞተር ሥር ተንጋሎ፣ ፊቱን ሳላይ፣ ድምፁን ብቻ እየሰማሁ እንዲህ አለኝ፦ ውልህ እንደሚያልቅ የሚያሳውቅ ደብዳቤ በእጅህ ካልሰጡህ፣ አንተም መዝገብ ላይ ፈርመህ ካልተቀበልክ፣ ሐምሌ አንድ ቀን ጧት ገብተህ አንዲት ብሎን ከሰጠህ በቃ ቋሚ ነህ። ማንም አይነቃንቅህም።

"ቢሰጡኝስ?" አልኩት።

"አትቀበላ። ሰው የሌለበት ቦታ ደብዳቤ አይሰጥም።"

ይህቺን ምክር እንደ መድኃኒት ዋጥኳት። ዛሬ ሳስበው፣ የመኪና ሞተር ሥር ተኝቶ ሕግ የሚያስረዳን ሰው መጠየቅ የነበረብኝ ስለ ሞተር ብቻ ነበር።

የጋራዡን ደብዳቤ ሁሉ የሚያደርሱት አያ እንድሪስ ናቸው። ያረጀ ቡናማ የቆዳ ቦርሳ በትከሻቸው ያንጠለጥላሉ፤ በውስጡ ደብዳቤዎቹና የሚያስፈርሙበት ትልቅ መዝገብ አለ። ስድስት ዓመት ሙሉ ያለዚያ ቦርሳ ያያቸው ሰው የለም። ግንቦት ሃያ ስምንት ቀን ጧት የአስተዳደር ኃላፊዋ ወይዘሮ ጥሩወርቅ አንድ እቅፍ ፖስታ ሲሰጧቸው በመስኮት አየሁ። በዚያው ቅጽበት ከመለዋወጫ ክፍል በኋላ በር ወጣሁና፣ መካኒኮች ከመኪና ሥር ለመሥራት የሚወርዱበት ጉድጓድ ውስጥ ገባሁ።

ብዙም ሳይቆይ ሳላቸው ተሰማ። አያ እንድሪስ የሚያስሉት ሳል ከሩቅ ይታወቃል፤ ረጅም ነው፣ መጨረሻው ላይ እንደ ጥያቄ ወደ ላይ ይወጣል። ገቡ፣ ስሜን ጠሩ፣ የለም ተባሉ፣ ትንሽ ቆሙ፣ ሄዱ። ከጉድጓዱ ስወጣ ከአንገቴ እስከ ጫማዬ ግራሶ ሆኜ ነበር። ዘሃራ ያን ሸሚዝ ሦስት ጊዜ አጥባው ሦስት ጊዜ ምን ሥራ ቀየሩህ ብላ ጠየቀችኝ። እድገት ነው አልኳት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በፊት ለፊቱ በር መግባት ተውኩ። ሰርቪሱ በር ላይ ሲያወርደን እኔ አጥሩን ዞሬ፣ የተቃጠለ ዘይት በሚደፋበት በኩል፣ በጠባቧ የኋላ በር እገባለሁ። ምሳዬን መደርደሪያ መሐል ቆሜ እበላለሁ። ሳል በሰማሁ ቁጥር እሰወራለሁ። ጋራዡ ውስጥ ደግሞ የማያስል ሰው የለም፤ ጭስ ነው። በቀን አሥር ጊዜ ያህል ለማይፈልገኝ ሰው ተሸሽጌአለሁ።

የሥራ ባልደረቦቼ በዚያ ሰሞን ለኔ ያሳዩት ፍቅር ልዩ ነበር። አንዱ ከምሳው ያካፍለኛል፣ አንዱ ሰርቪስ ውስጥ ቦታ ይለቅልኛል፣ ሌላው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ምንም ሳይል ያልፋል። ጀግንነቴን ያደነቁ መሰለኝ። ደረቴንም ትንሽ ነፋሁ።

አንድ ማታ ሰርቪሱ ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ አያ እንድሪስ ድንገት በፊት በር ብቅ አሉ። ደሴ ላለው ዋና ቢሮ የሚደርስ ደብዳቤ ይዘው ነው። እያሳሉ፣ ወንበር እየያዙ፣ ቀስ ብለው ወደ ኋላ መጡ። መኪናው ሐረጎን መውጣት ጀምሯል። ሾፌሩን ሆዴን አሞኛልና አውርደኝ አልኩት፤ ፊቴን ሲያይ አላንገራገረም። ዝናቡ እያካፋ፣ ጭጋጉ ከፊቴ ያለውን እስኪጋርደኝ ድረስ ዳገቱን በእግሬ ተያያዝኩት። ደሴ ስገባ ካፖርቴ እኔን የሚያህል ውኃ ተሸክሟል። ለዘሃራ ሰርቪሱ ተበላሸ አልኳት። ጋራዥ እየሠራችሁ ሰርቪሳችሁ ይበላሻል ብላ አዘነችልን።

ከሁሉ የከፋው ግን የፒያሳው ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ጸጉር ቤት ገብቼ፣ ፊቴ በሳሙና አረፋ ተለቅልቆ፣ ባርበሩ የቀኝ ጉንጬን ጨርሶ ምላጩን ሲጠርግ፣ በመስታወቱ ውስጥ ያችን ቡናማ ቦርሳ አየኋት። አያ እንድሪስ በሩ ላይ ቆመው ከአንድ ሰው ጋር ሰላምታ ይለዋወጣሉ፤ በሰላምታው መሐል ያስላሉ። የባርበሩን ፎጣ እንደታቀፍኩ በጓሮ በር ወጣሁ። አጥር ዘልዬ፣ የሰው ልብስ ማስጫ በጥሼ፣ አንድ ውሻ አስነስቼ ቤቴ ደረስኩ። ግማሽ ጺም ይዤ።

ዘሃራ በሩን ከፍታ ረጅም ጊዜ አየችኝ። ምላጭ አለቀበት አልኳት። እሷም ጉንጬንም ፎጣውንም አይታ፣ ፎጣውን ከእጄ ወስዳ አጠፈችና ገባች። ያች አስተያየቷ ከሐረጎ ዳገት ትብሳለች። ያን ሌሊት አልተኛሁም፤ እሷም እንዳልተኛች ትንፋሿ ይነግረኝ ነበር።

እየዋለ እያደረ ደሴም ኮምቦልቻም ጠበቡኝ። ሰኔ ሃያ ቅዳሜ ላይ ዋለና፣ ለዘሃራ አባትሽን እንጠይቃቸው፣ ናፈቁኝ አልኳት። እንዲህ ብያት አላውቅም ነበርና ዓይኗ እንባ አቀረረ። በማግስቱ እሑድ በጧት ሐይቅን አልፈን ቢስቲማ ገባን። ሰኔ ከጀመረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ ሳንባዬ ተነፈስኩ። የጋራዥ ጭስ የለ፣ ቦርሳ የለ፣ ሳል የለ። አማቴ ፍየል አሳረዱ።

ምሳው ሊቀርብ ሲል ሼህ አሊ ወደ ውጭ ወጣ አሉና ከአንድ ሰው ጋር እየተሳሳቁ ተመለሱ። የአገራቸው ሰው ነው፤ ዘመድ ሞቶበት ለለቅሶ መጥቶ መንገድ ላይ አግኝተውት ምሳ ሳትበላ አትሄድም ብለው ይዘውት መጥተዋል። እንግዳው በሩ ላይ ጫማቸውን ሲያወልቁ አሳሉ።

አያ እንድሪስ አሰላሙ አለይኩም ብለው ገቡ። ቦርሳዋ በትከሻቸው ናት። ሼህ አሊ ከኔ ጎን አስቀመጧቸው፤ ከአንድ ትሪ ልንበላ። ቦርሳዋን ከትከሻቸው አውርደው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጧት፤ ጫፏ ጉልበቴን ነካኝ። ሥጋው ሲቀርብ ሁለቴ ጎረስኩ፤ ሦስተኛዋ ጉሮሮዬ ላይ ቀረች። አያ እንድሪስ ጀርባዬን ደበደቡኝና ውኃ አቀበሉኝ። በልተውም በልተው አልጠግብ አሉ።

ከምሳው በኋላ የፈራሁት መጣ። አማቴ ወደ አያ እንድሪስ ዞሩና፣ ከልጄ ባል ጋር አንድ መሥሪያ ቤት እንደሆናችሁ አሁን ነው የሰማሁት፣ እንደው እንዴት ነው በሥራው ብለው ጠየቋቸው። ዘሃራ ከጓዳ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። እኔ ምንጣፉ ላይ ያለውን አበባ መቁጠር ጀመርኩ።

አያ እንድሪስ አልቸኮሉም። እጃቸውን ጠረጉ፣ ጺማቸውን ጠረጉ።

"ወላሂ ሼህ አሊ፣ በጋራዡ ውስጥ እንደሱ የሚፈለግ ሰው የለም" አሉ። "እኔ ራሴ ጧት ማታ እሱን ስፈልግ ነው የምውል።"

ሼህ አሊ ማሻ አላህ አሉ። ዘሃራ ፈገግ አለች፤ በዚያ ወር ያየሁት የመጀመሪያ ፈገግታዋ ነው። ወዲያው ዱዓ ይደረግ ተባለና ሁላችንም መዳፋችንን ዘረጋን። አማቴ አላህ ከሥራህ አይንቀልህ፣ መንግሥትህ አይርሳህ፣ የሚፈልግህ አያሳጣህ እያሉ ረጅም ዱዓ አደረጉልኝ። የማሰናበቻ ደብዳቤዬ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ፣ ቦርሳ ውስጥ ተቀምጣ አብራን ዱዓውን ትሰማለች። እኔ አሚን ስል ድምፅ አልወጣኝም። የአያ እንድሪስ አሚን ግን ከሁላችንም ረዘመ።

ወደ ማምሻው ላይ አማቴ እንግዳውን እስከ አውቶቡሱ ሸኘው አሉኝ። እምቢ ማለት አይቻልም። ሁለታችን ቁልቁለቱን ስንወርድ፣ ከመንገዱ ግማሽ ላይ አቃተኝ። ቆምኩ።

"አያ እንድሪስ፣ ይስጡኝና ይለቅልን" አልኳቸው። "እኔም ደከመኝ፣ እርስዎም ደከመዎት።"

ድንጋይ ላይ ተቀመጡና እግራቸውን ዘረጉ። ቦርሳቸውን ከፈቱ። ከፖስታዎቹ የቀሩት ሁለት ብቻ ነበሩ። አንደኛዋን አውጥተው ስሟን በጣታቸው እየነኩ አሳዩኝ። የኔ ስም አልነበረም።

"ይቺን እችላታለሁ፤ መሠረተ ትምህርት ያስተማረኝ ይቺን ነው። እንድሪስ ትላለች። የሌላውን ስም ሰው ነው የሚያነብልኝ።"

ፖስታዋን ተቀብዬ አነበብኳት፤ እውነትም የሳቸው ናት።

"ዘጠኝ ሆነው ነው የተሰጡኝ" አሉ። "ወይዘሮ ጥሩወርቅ ሲሰጡኝ ዓይኔን አላዩኝም፤ ያኔ ገባኝ። ሰባቱን በሁለት ቀን አደረስኩ። ያንተና የኔ ቀሩ። ያንተን ከሰጠሁህ የምትቀረው የኔ ናት፤ የኔን ደግሞ ማን ያምጣልኝ? አገኘኸው ወይ ሲሉኝ እየፈለግሁት ነው እላቸዋለሁ። አንተ እስከሸሸህ ድረስ እኔ ሥራ አለኝ።"

"ታዲያ ጸጉር ቤቱ... ሰርቪሱ..."

"በመጣሁ ቁጥር የማስለው ጉንፋን ይዞኝ መሰለህ?"

እውነቱን ልንገራችሁ፤ መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ አልነበረም፤ ክብሬ ነው የተነካው። ያን ሁሉ አጥር የዘለልኩት፣ ያን ጉድጓድ የገባሁት፣ በግማሽ ጺም ፒያሳን ያቋረጥኩት በራሴ ብልጠት ያመለጥኩ መስሎኝ ነበር። ለካ ሽማግሌው እንደ ዶሮ እሽ እያሉ ነው ወደ ፊት ሲነዱኝ የከረሙት። ትንሽ ቆይቶ ግን ጎናቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ስድስት ዓመት በየዓመቱ ውላቸው ሲታደስላቸው እንደኖረ፣ ዘንድሮ ግን የኮንትራት ሠራተኛ ሁሉ ይሰናበት የሚል መመሪያ እንደመጣ ነገሩኝ። ቤት ውስጥ ሚስታቸውም አታውቅም። እኔም የኔዋ እንደማታውቅ ነገርኳቸው። አብሽር፣ ዘጠኝ ቀን ነው የቀረን፣ ይህንን ብቻ እንሸሽ አሉኝ። ሐምሌ አንድ ጧት እኔ አንዲት ብሎን እሰጣለሁ፣ እሳቸው አንዲት ደብዳቤ ያደርሳሉ፣ ሁለታችንም ቋሚ እንሆናለን። ተጨባበጥን።

ሰኞ ጧት ከወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በፊት ለፊቱ በር ገባሁ። የሚያሳድደኝ ሰው ወዳጄ ሆኗል፣ ከእንግዲህ ዘይት ምን ያስረግጠኛል ብዬ። በሩን አልፌ በግራ በኩል የማስታወቂያ ሰሌዳው አለ። ሰው ሁሉ ጧት ጧት የሚያልፍበት ነው፤ ከኔ በቀር።

ሰሌዳው ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፏል፤ ፀሐይ መትቶት ዳርዳሩ ቢጫ ሆኗል። ስማቸው ከዚህ በታች የተዘረዘረው የኮንትራት ሠራተኞች ውላቸው ሰኔ ሠላሳ ስለሚያበቃና ስለማይታደስ፣ ደብዳቤያቸውን በግንባር ቀርበው እንዲወስዱ፤ ያልወሰዱ ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን ጀምሮ እንደደረሳቸው ይቆጠራል ይላል። ቀኑ ግንቦት ሃያ ስምንት። እኔ አራተኛ ነኝ። እንድሪስ የምትለዋ ዘጠነኛ ናት።

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ጉድጓድ ውስጥ ስገባ ደብዳቤው ደርሶኛል። ሐረጎን ስወጣ ደርሶኛል። ጺሜን ግማሽ ተላጭቼ ስሮጥ ከደረሰኝ ሁለት ሳምንት አልፎታል። ምሳ ያካፈሉኝ፣ ትከሻዬን መታ መታ ያደረጉኝ ሁሉ ይህን ወረቀት እያዩ ነው ሲገቡ የከረሙት። ታደሰን ሄጄ ያዝኩት። ዓይኑን ሰበረ። እኔም አይቼው ነበር አለኝ፤ እንደዚያ ተስፋ አድርገህ ስትሮጥ ሳይህ ልነግርህ ከበደኝ።

ወደ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ቢሮ ገባሁ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። መነጽራቸውን አወለቁና ቁጭ በል አሉኝ። ከዚያ ቀስ ብለው አንድ ነገር ጠየቁኝ።

"ይህን አንድ ወር ለምን ቀደም ብለን የሰጠናችሁ ይመስልሃል?"

አላውቅም አልኩ።

"ሌላ ሥራ እንድትፈልጉበት ነው። ሰባቱ ልጆች ሲፈልጉ ከርመዋል፤ ሦስቱ አግኝተዋል። አንተ ስንት ቀን ቀረህ?"

ስምንት አልኩ። ከዚያ ወጥቼ አያ እንድሪስን ፈለግኋቸው። መዝገባቸው ላይ ያለ ምንም ግርግር ፈርሜ ወሰድኳት። ያን ሁሉ አገር ያስዞረችኝ ወረቀት አንድ ገጽ እንኳ አልሞላችም።

ማታ ለዘሃራ ሁሉንም ነገርኳት፤ ከሐምሌ እስከ ሰኔ። ውሉን፣ ጉድጓዱን፣ ጸጉር ቤቱን። ስለ ሥራው አልተቆጣችም። ልብስ እያጣጠፈች ነበር፤ አጣጥፋ ጨረሰች፣ እንደገና ፈታችው፣ እንደገና አጣጠፈችው። በመጨረሻ ቢስቲማ የሄድነውስ ብላ ጠየቀችኝ። አባቴ ናፈቁህ መስሎኝ ነበር አለች። በዚያ ወር ከሰማሁት ሁሉ የከበደኝ ይህ ነው። ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን ጧት፣ ከዚያ ወዲህ የበቀለውን ጺሜን ራሷ በመቀስ እየከረከመች፣ ሥራ ስትፈልግ ሙሉ ፊት ይዘህ ሂድ አለችኝ።

ፈለግሁም። በስምንት ቀን ውስጥ የሚገኝ ሥራ ግን አልነበረም። ሁለት ወር ቤት ውስጥ ዋልኩ፤ ዘሃራ አፈሳውን ፈርታ ከበር አላስወጣ ብላኝ። ባቡር እንደሚጠብቅ ሰው በመጋረጃው ቀዳዳ መንገድ አይ ነበር፤ ባቡር ደሴ ባይኖርም። በኋላ ፒያሳ ካለ አንድ የመለዋወጫ ሱቅ ገባሁ። ባለቤቱን እስከ መቼ ነው የምሠራው ብዬ ጠየቅኋቸው፤ እስክትሰለቸኝ ብለው መለሱልኝ። ከዚያ የበለጠ ግልጽ የሆነ ውል ተዋውዬ አላውቅም።

አሁን ስለ ሰኔ ሠላሳ ልንገራችሁና ላብቃ።

መታወቂያዬን ላስረክብ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ዘንድ ስገባ ጠረጴዛው ላይ ያ ትልቁ መዝገብ ተዘርግቷል። ላዩ ላይ አንዲት ፖስታ አለች። አያ እንድሪስ በጧት ገብተው ሁለቱን አስቀምጠው፣ ባዶ ቦርሳቸውን ይዘው ወጥተዋል። ያልተፈረመባት መስመር አንድ ብቻ ናት። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ወደ መስኮቱ እያዩ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ሻይ ሳይጠጡ ደብዳቤ ያደርሱልኝ የነበሩ ሰው ናቸው፣ እኔ ልሰጣቸው አልችልም፣ አንተ ብታደርስልኝ አሉ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ሠራተኛ ነህ አሉኝ።

መዝገቡን ይዤ ወጣሁ። ጋራዡን ዞርኩ፤ የሉም። በር ጠባቂውን ጠየቅሁ፤ አልወጡም። ስማቸውን ጠራሁ፤ የሚመልስ የለም። በመጨረሻ ከጎማ መጋዘኑ ጀርባ፣ ጥላው ሥር፣ የካርቶን ምንጣፍ ዘርግተው ሲሰግዱ አገኘኋቸው። የዙህር ሶላት ነው። የሚሰግድ ሰው አይቋረጥም፤ ጎማ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኋቸው። ጨረሱ ስል ተነሥተው ሌላ ያዙ። እሱን ጨረሱ ስል ሌላ ጨመሩ። የውዴታውን ሶላት፣ ሱናውን ጨርሰው፣ ያመለጣቸውን ቀዷ ማውጣት የጀመሩ መሰለኝ፤ ከስንት ዓመት ወዲህ ያለውን እንደሆነ አላህ ያውቃል። እኔ መዝገቡን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ በቀኝም በግራም ሳልንቀሳቀስ ጠበቅሁ። ማሳል እንኳ አልፈለግሁም።

ጥላው ዞሮ ፀሐይ ላይ ሲወጡ አቃታቸው። ወደ ቀኝ አሰላመቱ፣ ወደ ግራ አሰላመቱ። ግራቸው ላይ እኔ ነኝ።

"አገኘኸኝ" አሉ።

እስክሪብቶውን ሰጠኋቸው። መሠረተ ትምህርት ያስተማራቸውን ያችን ስም፣ ፊደል በፊደል፣ መስመሩን እየሞሉ ጻፏት። ከኔ ፊርማ ይልቅ ትነበብ ነበር። ከዚያ ፖስታውን ቀደው ወረቀቱን ዘርግተው አዩትና ወደኔ አቀበሉኝ።

"አንብብልኝ እስቲ። ስንቱን አደረስኩ፣ ለኔ የተጻፈ ደብዳቤ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።"

አነበብኩላቸው። ጉዳዩ፣ የሥራ ውል ማብቃትን ስለማሳወቅ። ውልዎ ሰኔ ሠላሳ ያበቃል። በእጅዎ ያለውን ንብረት ያስረክቡ። ከዚያ መጨረሻ ላይ፣ ከመፈክሩ በላይ፣ የሁላችንም ደብዳቤ ላይ ያለች አንዲት መስመር አለች፤ እኔ የራሴን ስቀበል ዓይኔ እንኳ አላረፈባትም። እሷን አነበብኩ። እስከ ዛሬ በቅንነት ስላበረከቱልን አገልግሎት እናመሰግናለን ትላለች።

አያ እንድሪስ ባዶውን ቦርሳ ከትከሻቸው አውርደው ካርቶኑ ላይ አስቀመጡት።

"ያችን የኋለኛዋን ድገማት" አሉኝ።

ደገምኳት። ትንሽ ቆይተው እንደገና አሉኝ። ሦስተኛ ጊዜ ሳነብላቸው ከበሩ በኩል የሰርቪሱ ጥሩምባ ተሰማ፤ ሁለታችንም አልተነሣንም፤ ጥሎን ሄደ።